ከግንቡ ውጭ ያለው ቁንዶ በርበሬ

ሰው ቤት ባዶ እጄን ሄጄ አላውቅም። ስለዚህ አከራዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ትልቅ የድሮ ቤት እንዳደርሳቸው ሲለምኑኝ፣ ከመሄዳችን በፊት ድፎ ዳቦ ደፋሁ። አከራዬ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሉትን ትንሿን የሰፈር ሱቄን ያከራዩኝ አሮጊት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ ይላቸዋል፣ አያቴ እንደ ማለት ነው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ጎጎ እላቸዋለሁ። እናታቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያ ቤት ልብስ ሲያጥቡ ኖረው፣ እዚያው ሞተው፣ እዚያው ግቢ ተቀብረዋል። አሁን የጎጎ የልጅ ልጅ ልታገባ ነው። በእነሱ ወግ እንዲህ ያለው ወሬ አስቀድሞ የሚነገረው ለሞቱት ነው፤ ጎጎ ከእናታቸው መቃብር ቆመው ሳይናገሩ ሠርጉ ቢደገስ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። መኪና ያለኝ እኔ ነኝ። ሱቄን ዘግቼ፣ የሐበሻ ቀሚሴን ከነነጠላው ለብሼ ወሰድኳቸው።

ዲፕስሉት ከሚባለው ሰፈር የቆርቆሮ ቤቶች አልፈን ብዙም አልነዳንም። ቤቱ ኮረብታ ላይ ያለ የድንጋይ ቤት ነው፤ ያው አንድ ቤተሰብ ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲወራረሰው ኖሮ አሁን በቲኬት ያስጎበኘዋል። ዘበኛው ግንቡ ጥግ፣ አንድ ትልቅ ቁንዶ በርበሬ ጥላ ሥር እንዳቆም በእጁ አሳየኝ። የአገሬን ዛፍ በማግኘቴ ደስ አለኝ፤ ዳቦውም ፀሐይ አይመታውም ብዬ አሰብኩ። ጎጎ ወርደው ግንዱን በእጃቸው ደገፍ ብለው መሬቱን ሲያዩ ቆዩ። ጉብኝቱ እንዳያመልጠን ቶሎ በሉ ብዬ እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው።

በሩ ላይ የተቀበለችን የቤቱ ምራት ናት፤ አስጎብኚዋም እሷው። ዳቦውን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት። ፈገግ ብላ የውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው አለችኝ። እኛ ልንበላው አይደለም፣ ለቤቱ ያመጣሁት ነው ብዬ አስረዳኋት። ይቅርታ፣ ደንቡ ነው ብላ ሻይ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠቆመችኝ። እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያመጣው ዳቦ ሲመለስበት ያየሁት ያን ቀን ነው። ደሜ ፈላ። ለጎጎ ስል ዋጥ አደረግኩትና ዳቦውን መኪና ውስጥ መልሼ መጣሁ።

ቤቱ ውስጥ የማይነካ ዕቃ ብዛቱ! ወንበሩ በገመድ የታጠረ፣ ሳህኑ መስታወት ውስጥ የተቆለፈ። ምራቲቱ ስታስረዳ፣ ቅድመ አያታቸው ቤቱን በገዛ እጃቸው ሠሩ፤ ግንቡን በገዛ እጃቸው ካቡ፤ አትክልቱን በገዛ እጃቸው ተከሉ። እኚህ ሰውዬ ስንት እጅ ነበራቸው? ልጠይቃት አፌን ስከፍት ጎጎ ክንዴን ቆነጠጡኝ። የልብስ ማጠቢያው ክፍል አሁን ሱቅ ሆኗል፤ በሪባን የታሰረ ሽቶ ሽቶ የሚል ሳሙና ይሸጥበታል። ጎጎ አንዱን አንስተው አሸተቱና ከቦታው መለሱት። 

ከዚያ በግንብ ወደ ታጠረው አትክልት ገባን። እውነት ለመናገር ያምራል። ቀይ የሸክላ ግንብ ዙሪያውን ከልሎታል፣ የፒር ዛፎች ግንቡ ላይ ተለጥፈው ያደጉ ናቸው፣ ጽጌረዳው በየቀለሙ ነው። ጥጉ ላይ ትንንሽ የእብነ በረድ ድንጋዮች በረድፍ ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ሥር ትኩስ አበባ አለ። የልጆች መቃብር መሰለኝ። ይሄን ሁሉ ልጅ ቀብረዋል ብዬ የዳቦውን ቂም እዚያው ረሳሁት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ አማተብኩና ነፍስ ይማር አልኩ። ወደ ምራቲቱ ዞሬም እጇን ያዝኩና እግዜር ያጽናችሁ አልኳት።

ግራ ገባት። ከዚያ ሲገባት ሳቋን አፈነችና የቤተሰቡ ውሾች ናቸው አለችኝ። ጠጋ ብዬ አነበብኩ። እውነትም የውሻ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ ታማኝ ወዳጃችን የሚል ተቀርጿል።

ውሻ መውደድ ኃጢአት ነው አላልኩም። ግን ጎጎ ያን ጊዜ ነው ቀስ ብለው የጠየቁት፤ እናታቸው ልብስ አጣቢ እንደነበሩ፣ እዚህ ግቢ እንደተቀበሩ ነግረው፣ መቃብሩ የት ነው አሏት። የምራቲቱ ፊት ተለዋወጠ። የሠራተኞቹ መቃብር ከግንቡ ውጭ እንደነበር፣ የድንጋይ ክምር እንጂ ስም እንዳልነበረው፣ መኪና ማቆሚያው ሲሰፋ ቦታው እንደተደለደለ ነገረችን። ያኔ እኮ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፈናል አለች። ሟቾቹ ወጥተው ያንብቡት ነው?

የት ጋ ነው አልኳት።

«ቁንዶ በርበሬው አጠገብ» አለች።

ጎጎ ቀድሞም ልባቸው ነግሯቸው ኖሯል፤ ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ። እኔ ግን መኪናዬን እዚያው ላይ ማቆሜ ትዝ አለኝ። ሮጬ ደረስኩና መኪናዋን ወደ መንገዱ አወጣኋት። ጎጎ ባዶው ቦታ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ጠጠሩን እያዩ በዙሉ ቋንቋ መናገር ጀመሩ። የሙሽራዋን ስም ሰማሁ፣ የሙሽራውንም። ወዲያው አንድ ትልቅ መኪና መጣና ክፍት ቦታ ያገኘ መስሎት ወደ እሳቸው ታጠፈ። ፊቱ ሄጄ ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ጥሩምባውን ነፋብኝ። እኔም በአማርኛ ነፋሁለት፤ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ጩኸቱን ሰምታ ምራቲቱ መጣች። እንግዶች ማቆሚያ አጥተዋል፣ እባካችሁ ወደ ዳር ውጡ አለች።

«እኔ ለውሾቻችሁ እግዜር ያጽናችሁ ብያለሁ» አልኳት። «እኚህ ሴትዮ እናታቸው እግርሽ ሥር ናቸው። አሁን ተራው የአንቺ ነው።»

አፏን ከፈተች፤ ደንቡ ይሁን ማስታወቂያው ሊመጣላት ስትል ዋጠችው። ሄዳ ለባለ መኪናው ሌላ ቦታ አሳየችው። ጎጎ እስኪጨርሱ ድረስ ከመሀል ማንም አልገባም።

ሲጨርሱ ዳቦውን አውጥቼ ቆረስኩ። ጎጎ አንዱን ቁራሽ ዛፉ ሥር አኖሩ። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ የእሱን ተቀበለ። ለምራቲቱም ዘረጋሁላት፤ ከበሩ ውጭ ስለሆንን ደንቡ አይከለክላትም። ተቀበለችኝና ሳትበላው ይዛው ቆመች።

ስንመለስ እንደ ጉድ ተናድጄ እየነዳሁ ነበር። ድንጋይ ሳናስቆምላቸው አርፈን አንቀመጥም፣ ስማቸውን ይንገሩኝና እኔ አስቀርጻለሁ፣ ሰው ሰብስቤ ተመልሼ እመጣለሁ እያልኩ ለፈለፍኩ። ጎጎ ጫማቸውን ገና አላጠለቁም፤ ጭናቸው ላይ ይዘውታል። መስኮቱን እያዩ እስክጨርስ ታገሱኝ።

«እናቴ ጩኸት አትወድም ነበር» አሉኝ። «ያቺ የምትጮኸው ማን ናት ብላ እንዳትደነግጥ፣ የእኔ ልጅ ናት ብያታለሁ።»