የሀላኬ ጉበት ዘበኛ

ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ሀላኬ ጉበቱ ውስጥ ዘበኛ አለው ተባለ። ዘበኛው ከሴል ያነሰ፣ ከጄኔራል የከፋ ነው፤ ቫይረስ የተባለውን ሁሉ አንቆ ሶሎሎ ከተማ ድረስ ይሸኛል። ጠዋት ግመል ገበያ የተወራው ምሳ ሳይደርስ ጎዶማ መንደር ገብቶ፣ የፍየል ፈንጣጣንም ያድናል ተብሎ ተመለሰ።

ሻይ ቤት ያላት ሻምሳ ግን አልዋጥልሽ አላት፤ ጥግ የተቀመጠውን ሀላኬን አየችው። «ዘበኛ ያለው ሰው ዓይኑ እንዲህ ቢጫ ይሆናል?»

«ዘበኛው ፋኖስ አብርቶ ስለሚያድር ነው!» አለ አንዱ ሻይ ጠጪ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሀላኬ አልሳቀም፤ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ፣ ከሳቀ ጎኑን ይወጋዋል። ዕድሜውን ሙሉ ግመል ደላላ ነው። ገዢና ሻጭ በእሱ ሽርጥ ሥር በጣት ብቻ ዋጋ ሲከራከሩ ኖረው፣ አንድም ቀን ምስጢራቸው ከአፉ አልወጣም። የራሱ ምስጢር ግን አገር አዳረሰ።

ወሬውን ያመጣው ጓደኛው ጃቢር ነው። ክሊኒክ ሸኝቶት ሳለ ሐኪሙ፣ «ሴሎቻችን ውስጥ ፕሮቲን የማይሠሩ ደቃቅ አር ኤን ኤዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ቫይረስን ያፍናሉ» ሲል ሰማ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ፍየል የጫነ መኪና መጥቶለት ሮጠ። ቀሪውን ሀላኬ ብቻውን ሰማ። ሰው እየዞሩ ማረም አቅም ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ አቅሙ አልቋል። ይለፍ ብሎ ተወው።

አንድ ቀን ሻምሳ እየሮጠች መጣች። «ኦቦ ሀላኬ፣ አማችህ ጋሮማ ቡቲዬ ሰፈር፣ ጎሎ ጋ ሄዷል!»

ጎሎ ዋግምት አጋሚ ነው። ሰሞኑን የሀላኬን ጎን ያገመበትን ምላጭ ሳያጥብ አስቀምጦ፣ «ዘበኛው ይጋባባችሁ» እያለ ሰውን በዚያው መብጣት ጀምሯል።

ሀላኬ ሆዱን ደግፎ በሞተር ደረሰ። ጋሮማ ሸሚዙን አውልቆ ተቀምጧል።

«ተነሳ! ነካህ?»

«ገና ነው፣ አባባ። ለልጅዎ ባል እንኳ ይነፍጋሉ?»

ተራ የያዙት ሳቁ። ጀርባቸው ላይ ደም የደረቀ ሰዎችም ጥላ ሥር ተቀምጠው አብረው ሳቁ። ሀላኬ ወደ እነሱ ዞረ።

«ስሙኝ» አለ አጥሩን ይዞ። «ዘበኛ የሚባል የለኝም። ያለኝ ሄፓታይተስ ሲ ነው፤ ጉበቴን ጨርሶታል። ያ ዘበኛ ያላችሁት ደቃቅ አር ኤን ኤ ሌላውን ቫይረስ ያፍን ይሆናል፤ የእኔን ግን ሸፍኖ ከጥፋት ይጠብቀዋል፣ እንዲራባም ያግዘዋል። ምላጩ ላይ ያለው ደሜ ነው፤ ደሜ ውስጥ ያለውም በሽታው ነው። የተበጣችሁ ሁሉ ልበሱና ክሊኒክ ሂዱ፤ ለእናንተ መድኃኒቱ ይደርስ ይሆናል።»