ሃያ ሦስተኛው አንገት ደፊ ሰንጢ

ጋሽ ሰንጢ ሚስቱ ከሞተች ስምንት ወር ሆኖታል፤ በነዚህ ስምንት ወራት ከአፉ የወጣ ቃል ቢኖር «እሺ» ብቻ ነው። «ብላ» ሲሉት እሺ፤ «በቃህ፣ ተኛ» ሲሉት እሺ፤ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ወፍራም ሴትዮ እግሩን ረግጣው «ውይ፣ ይቅርታ!» ስትለው እሺ። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ፌርማታ እግሩ ላይ ቆማ ነው የሄደችው። ምን ታድርግ፣ ተፈቅዶላታል።

አላለቀሰም። ዘመድ አዝማድ «ሆድ ይፍጀው ብሎ ነው እንጂ ውስጡ ነዷል» እያለ ያወራል። እሱ ግን ያን ውስጡን ቢፈልገው አጣው። የነደደ ነገር የለም፤ ጭስ እንኳ የለም። ሰው ክንዱን ተንተርሶ ተኝቶ ሲነቃ እጁ ደንዝዞ የሌላ ሰው እጅ ይመስለው የለ? የጋሽ ሰንጢ ሁለመናው እንደዚያ ነበር።

ሥራ ቦታም ያው ነው። በአንድ የቆዳ ቦርሳ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቆዳ ቆርጧል። የካርቶን ልኩን ቆዳው ላይ አስተኝቶ በግራ እጁ ተጭኖ ይይዝና በቀኝ እጁ ዙሪያውን ይቆርጣል። አንድ ቀን አለቃው «ማነው ይሄን የመሰለ ቆዳ ቀይ ቀለም ያስነካው?» ብሎ ሲጮህ ሠራተኛው ሁሉ ዞሮ አየ። ቀለሙ የሚንጠባጠበው ከጋሽ ሰንጢ አውራ ጣት ነበር።

«ኧረ ሰውዬ፣ ተቆርጠሃል እኮ!»

«እሺ።»

ጋሽ ሰንጢ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰንጢ መሰብሰቡ ነው። ያገኘውን ሰንጢ ሁሉ ግን አይሰበስብም። አርባ አለው፤ አርባዎቹም አንድ ዓይነት ስለት ያላቸው ናቸው። ስለታቸው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው፤ ጀርባቸው ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቁልቁል ጎብጦ ስለቱን ይገጥማል። ሹል ጫፍ የሚባል የላቸውም። እሱ «አንገት ደፊ» ይላቸዋል። ድሮ፣ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ «ሹል ሰንጢ ጥጋበኛ ነው፣ መንገደኛ ይወጋል፤ አንገት ደፊ ግን ሥራውን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ ብትጫነው ከዳር እስከ ዳር እኩል ይቆርጥልሃል» እያለ ያገኘውን ሁሉ ያደነቁር ነበር። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፉን በልቅጦ ተቀምጦ ሳይቀር አስረድቷል ይባላል። ሐኪሙ የታዘዘውን ጥርስ ትቶ ሌላ የነቀለው ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያውን የሰጠው ጡረታ የወጣ የድሮ አለቃው ነው። የቀሩትን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ፣ ከተዘጋ ሱቅ፣ ከማያውቀው ሰው ኪስ እየለመነ ሰበሰበ፤ እጀታቸው ቀንድ፣ አጥንት፣ ነሐስ፣ የወይራ እንጨት። አራት መሳቢያ ያለው ሣጥን አሠርቶ ከፋብሪካው ቁርጥራጭ ቆዳ ለእያንዳንዱ በልኩ መተኛ ቆረጠለት። ሕግም አወጣላቸው፦ የተሰበሰበ ሰንጢ አይቆረጥበትም፣ አይሳልም፣ ስለቱን ጣት አይነካውም። ይህ ሕግ በዚያ ቤት ከአገሩ ሕግ ሁሉ በላይ ነበር።

በየወሩ እያንዳንዱን ከፍቶ ዘይት በነካ ጨርቅ መወልወል ደግሞ አለ። ይህ ግን የእሱ ሥራ አልነበረም። እሱ ሰብሳቢ ነዋ! ሰብሳቢ ይሰበስባል፣ ያስረዳል፣ ይመጻደቃል። የምትወለውለው ሚስቱ ነበረች። እሱ መሳቢያውን ስቦ፣ እንደተጣጠፉ በተርታ ተኝተው አይቶ፣ «አቤት!» ብሎ መልሶ ይገፋዋል። ሃያ ዓመት እንዲህ ተስማምተው ኖሩ፤ ማለትም እሷ ተስማምታ።

አንድ ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ልጁ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ ብቻህን እዚህ አትቆይም። የደም ግፊት ኪኒንህን እንኳ በሥርዓቱ አትወስድም። እሁድ እኔ ጋ ትገባለህ።»

«እሺ።»

«ሰንጢዎቹ ግን አይገቡም። መንትያ ልጆቼን ታውቃቸዋለህ፤ ባለፈው የማቀዝቀዣውን በር ነቅለው እንደ ጋሪ ተሳፍረውበታል። ሰንጢ አግኝተው ደግሞ...!»

«እሺ።»

«ለዚያ ለፀጉር አስተካካይ ጓደኛህ ስጠው፣ እሱም እንደ አንተው ሰብሳቢ ነው። እሱ ካልወሰደው ለብረታ ብረት ሰብሳቢው ነው የምሰጠው። ያቅልጠው።»

እዚህ ላይ መልሱ ትንሽ ዘገየ። «... እሺ።»

መዘግየቱን ልጁ ልብ አላለችም። እሱም አላለም።

ስለ ኪኒኑ እውነቷን ነው። ሙሉው ይበዛበታል ተብሎ ሐኪም ያዘዘለት በየጠዋቱ ግማሹን ነበር። ሚስቱ ሳለች ከሻዩ ጎን በትንሽ ሳህን ላይ ግማሿ ኪኒን ትጠብቀዋለች፤ መሃንዲስ ለክቶ የገመሳት ነበር የምትመስለው። በምን እንደምትገመስ ጠይቆ አያውቅም። ፀሐይ ስትወጣ ማን አወጣሽ ብሎ የሚጠይቅ አለ? ከሞተች ወዲህ በጥርሱ ነው የሚገምሰው፤ አንድ ቀን ሩቧን፣ አንድ ቀን ሦስት ሩቡን ይውጣል። ጣዕም የላትም። ሻዩም ጣዕም የለውም፣ ዳቦውም የለውም፤ ምላሱ የጫማ ሶል ከሆነ ሰንብቷል።

ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር አስተካካዩ አጉሊ መነጽሩን በአንገቱ አንጠልጥሎ መጣ። ሁለቱ ሃያ ዓመት ተፎካክረዋል፣ ሃያ ዓመትም ተዋደዋል።

«ስማኝ ወንድሜ» አለ ገና ሳይቀመጥ፤ «ሐዘን ሌላ፣ ሰንጢ ሌላ። ሙሉ አርባ፣ ሁሉም ያልተነኩ ከሆነ እወስዳለሁ። አንድ እንኳ የተሳለ ካለበት አልወስድም። የእኔ መስታወት ሣጥን ሆስፒታል አይደለም።»

«እሺ።»

ፍተሻው ጉምሩክን የሚያስንቅ ነበር። እያንዳንዱን ይከፍታል፣ ወደ መስኮቱ ያነሳል፣ ያሸታል፣ ሲዘጋ የሚሰጠውን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሃያ ሁለቱ አለፉ። ሃያ ሦስተኛው እጀታው ጥቁር ቀንድ፣ ሦስት የነሐስ ምስማር ያለበት ነው። ከፈተውና ቀጥ አለ።

«አንተ ሰውዬ!»

«እሺ።»

«ምን እሺ ትለኛለህ! ይሄ ተስሏል! ደግሞ የሳለው ግራኝ ነው። እየው፣ የተበላው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፣ ያውም ባልተለመደው ጎን። ምላጭ ስስል ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ፣ የሳለውን እጅ ከስለቱ ላይ አነበዋለሁ። በድንጋይ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ በስኒ ቂጥ ነው የሳለው፣ በስኒ ቂጥ!»

በዚያ ቤት የኖረ ግራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ሞታለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ዱቄት?»

ስለቱ ተጣጥፎ በሚገባበት ስንጥቅ ውስጥ ነጭ ብናኝ ነበር። ጋሽ ሰንጢ ያንን ክልክል የሆነ ጣቱን ሰዶ ብናኙን ነካና ላሰው።

መራራ ነው።

ቆመ። በስምንት ወር ውስጥ ምላሱ የነገረው የመጀመሪያ ወሬ ነው። ከሸሚዝ ኪሱ የኪኒን ማሸጊያውን አወጣ፣ አንዷን ፈልቅቆ ላሳት። መራራ። ብናኙን ደግሞ ላሰ። ኪኒኗን ላሰ። አንድ ናቸው።

ፀጉር አስተካካዩ አጉሊ መነጽሩን አወረደ። «የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ያለቅሳል፣ ብልህ ይልሳል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ፤ «የኪኒን ክምር የናደ ግን ዛሬ ማየቴ ነው።»

ጋሽ ሰንጢ አልሰማውም፤ ጆሮው ላይ የመጣው የራሱ የድሮ ንግግር ነው። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ ብትጫነው ከዳር እስከ ዳር እኩል ይቆርጥልሃል። ይህን ንግግር አገር ምድሩ ሰልችቶት ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል አንድ ሰው ሰምታዋለች። ሰምታም ሠርታበታለች፤ በየጠዋቱ፣ በሕጉ አፍንጫ ሥር።

ማልቀስ ካለ ቦታው እዚህ ነበር። ጋሽ ሰንጢም ቆሞ ጠበቀው። አልመጣም። ምላሱ ላይ ያለው መራራ ብቻ አልሄደም።

«መቼም ጓደኛዬ ነህ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ድምፁን አለስልሶ። «ለእኔ ተወው። በጥሩ ድንጋይ ሁለቱን ጎን አስተካክዬ እስለዋለሁ፣ ስንጥቁን በአልኮል አጥበዋለሁ። እጅ ያልነካው ይመስላል። ያኔ አርባውንም እወስዳለሁ። ተስማማን?»

ፀጉር አስተካካዩ የተለመደችውን ቃል ይጠብቃል። አርባው ሰንጢ ከመቅለጥ የሚድነው በዚያች ቃል ነበር፤ በዚያችው ቃል ደግሞ ጋሽ ሰንጢ አውቶቡስ ውስጥ ለረገጠችው ሴትዮ እግሩን እንኳ በነፃ ሰጥቷል።

«እምቢ።»

«ምን አልከኝ?»

«እምቢ። እንዲህ እንዳለ ነው።»

«ሠላሳ ዘጠኙ ነገ እቶን ሊገቡ? ለአንድ ስኒ ቂጥ?»

«ይግቡ።»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ጣሪያው አየ፣ ወደ ወለሉ አየ፣ ምስክር አጣ። «ሐዘኑ ጭንቅላትህ ላይ ወጥቷል!» ብሎ በሩን አላግቶት ሄደ። አጉሊ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ረሳው።

እሁድ ጠዋት ልጁ ካርቶንና ፕላስተር ተሸክማ ገባች።

«ሰውየው ወሰደልህ?»

«አልወሰደም።»

ፕላስተሩን እንደያዘች ቀረች። አባቷ ሌላ ቃል መናገር ይችላል ለካ!

«እናትሽ ኪኒኔን በምን ነበር የምትገምሰው?»

«በሰንጢህ ነዋ! እስከ ዛሬ አታውቅም እንዴ? በወጥ ቤት ቢላዋ ስትሞክረው ግማሹ እየፈናጠረ አስቸገራት። ‹አባትሽ አንገት ደፊ፣ አንገት ደፊ እያለ ጆሯችንን የሚበላው እስቲ እውነቱን ከሆነ› ብላ አንዱን አነሳች። አንዱን ብቻ። አንተ ፊትህን ታጥበህ እስክትመጣ ገምሳ፣ ወልውላ፣ ቦታው ትመልሰዋለች። እኔን ‹ዝም በይ፣ ከሰማ ፍርድ ቤት ያቆመኛል› ትለኛለች።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅካትም?»

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ፤ ጋሽ ሰንጢ ደግሞ ወርቁን ቤት አስቀምጦ ነሐስ ፍለጋ ሲዞር የኖረ ሰው ነው።

«ይሄ ከእኔ ጋር ይገባል» አለ ጥቁሩን ሰንጢ ይዞ።

«አባዬ! ተስማምተን አልነበር?»

«ጫፍ የለውም፣ አይወጋም።»

«ይቆርጣል እኮ!»

«አዎ። ኪኒን።»

ልጁ ሰንጢውን ተቀበለችውና ነጩን ብናኝ አየችው። ዓይኗ ረጠበ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። አባቷ እያያት «እንዲህ ነው ለካ የሚደረገው» ብሎ አሰበ።

«ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ይቆለፍበታል» አለች በመጨረሻ። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው የሚሆነው።»

«እሺ» አለ። ይሄኛው እሺ ግን ተከራክሮ ያገኘው ነበር።

ይህን እየተባባሉ ፀጉር አስተካካዩ እያለከለከ ገባ። ፊቱ ከሸሚዙ ይበልጥ መጨማደዱ እንቅልፍ አጥቶ እንዳደረ ያሳብቃል። «መነጽሬን ረስቼ ነው» አለ ማንንም ሳያይ። መነጽሩን አንስቶ አንገቱ ላይ አጠለቀ። ቆይቶ የሰንጢውን ሣጥን በሁለት እጁ አቀፈው።

«ሠላሳ ዘጠኝስ ቁጥር አይደለም እንዴ?» ብሎ አጉረመረመ። «ምን ትመለከቱኛላችሁ? በሩን ክፈቱልኝ!»

ዛሬ ፀጉር ቤቱ የገባ ሰው ተራውን እየጠበቀ ሊያያቸው ይችላል፤ በመስታወት ውስጥ በአራት ረድፍ ተኝተዋል። የሃያ ሦስተኛው መተኛ ባዶ ነው፤ በሰንጢው ቅርፅ የተቆረጠው ቆዳ ላይ አንዲት ካርቶን ተቀምጣለች። በፀጉር አስተካካዩ ቆንጆ ጽሕፈት «ሥራ ላይ ነው» ትላለች። ቆሞ የሚያነብ ደንበኛ ካገኘ ፀጉሩን ትቶ ታሪኩን ያስረዳዋል፤ ሲነግረው የሰንጢው ባለቤት የላሰው ኪኒን ቁጥር በየሳምንቱ ይጨምራል። ባለፈው አሥራ አራት ደርሷል።

ጋሽ ሰንጢ በልጁ ቤት ባደረ በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ኪኒኗን ሳህን ላይ አስቀመጠ፣ ሰንጢውን ከፈተ፣ በቀኝ እጁ ተጫነ። ስለቱ ወደ ጎን ሸተት አለበትና ግማሿ ተስፈንጥራ ማቀዝቀዣው ሥር ገባች። መንትዮቹ እልል ብለው ሊያወጧት በሆዳቸው ተሳቡ፤ እናታቸው በእግራቸው ጎትታ አስወጣቻቸው። ሌላ ፈለቀቀ። ቀኝ እጁን አየው፤ ግራ እጁን አየው። ሰንጢውን ወደ ግራው አዛወረው። እጁ ለሥራው እንግዳ ነው፤ ስለቱ ግን መንገዱን ያውቃል።

ኪኒኗ እኩል ተገመሰች።

ግማሿን ዋጠ። ስለቱን ወለወለና ዘጋው። ልጁ ቁልፉን ይዛ ትጠብቀው ነበር።

«ደህና ነህ አባዬ?»

ሰንጢውን አቀበላት።

«ይመራል» አለ። «ውሃ ጨምሪልኝ።»