ካፒቴኑ አሳለፈኝ

ሆርዶፋ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎጆ ከተማ ወደ አምቦ ድንች በአይሱዙ ሲያመላልስ፣ መኪናው ላይ አንዲት ጭረት አላሳረፈም። ይህን ያልሰማ የአምቦ ሰው አልነበረም፤ ያልጠየቀውን ሁሉ አስቁሞ ይነግር ነበርና። ዛሬ ያንን ጉረኛ፣ የድሮውን ራሱን፣ መንገድ ላይ ቢያገኘው አንድ ጥፊ ቢያቀምሰው ደስ ይለዋል።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. የሚስቱ የፋንቱ ወንድም አንድ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሥራ አገኘለት። ሥራው ሻንጣ የተጫነባቸውን ጋሪዎች በትንሽ ትራክተር መጎተት ነው። ሆርዶፋ ገና ሲያየው ናቀው። ሜዳው የተነጠፈ፣ ጭቃ የለ፣ ገደል የለ። አሠልጣኙ ለአውሮፕላን ምንጊዜም ቅድሚያ ስጡ ሲል፣ እሱ ከኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፋ ነበር።

የጎጆ መንገድ ግን የራሱ ሕግ ነበረው። መንገዱ ሲጠብ ከፊት የሚመጣው ሹፌር መብራቱን ካጠፋ፣ እኔ ልቁም፣ አንተ እለፍ ማለቱ ነው። የተፈቀደለትም እጁን አንስቶ ያመሰግንና ሰውየውን ላለማስጠበቅ ፈጠን ብሎ ያልፋል። እዚያ መንቀርፈፍ ነውር ነው።

በአራተኛው ወር፣ ሰማዩ በጠቆረበት የነሐሴ ከሰዓት፣ ሆርዶፋ ሦስት ጋሪ እየጎተተ ማቋረጫው ጋ ደረሰ። አንድ አውሮፕላን ወደ ማቆሚያው በዝግታ እየተንከባለለ ይመጣል። ድንገት የፊት መብራቱ ጠፋ። የሆርዶፋ ልብ ተነካ። ይህን የሚያህል ነገር የሚነዳ ሰው ለአንድ የጎጆ ልጅ ክብር ሲሰጥ! እጁን ከፍ አድርጎ አመሰገነ፣ ሁለቴ ጡሩምባ ነፋና ገባ። ትራክተሩ አለፈ፣ ሁለቱ ጋሪዎች አለፉ፤ ሦስተኛው የአውሮፕላኑን ሞተር ሽፋን ገጭቶ ተገለበጠ። ሰው አልተጎዳም። ሆርዶፋ ቀና ሲል በየመስኮቱ ተሳፋሪዎች ቁልቁል ያዩታል፤ እጁ ገና አልወረደም ነበር።

ሦስት መርማሪዎች ለምን እንደገባ ጠየቁት።

"አሳለፈኝ" አለ።

"ማን?"

"ካፒቴኑ።"

ከሦስቱ አንዱ ሳል ይዞት ወጣ። የቀሩት፣ አብራሪው መብራቱን ያጠፋው መሬት ላይ ቆሞ የሚመራውን ሠራተኛ ዓይን እንዳይወጋ መሆኑን አስረዱት። በሳምንቱ ተሰናበተ። አምቦ ሲመለስ አየሩ አልተስማማኝም አለ፤ እውነቱን የምታውቀው ፋንቱ ብቻ ነበረች። ከዚያም መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ገብቶ አስተማሪ ሆነ። የድሮ ጉራውም አብሮት ገባ።

አምና ልጁ ፌቨን መንጃ ፈቃድ አውጥታ፣ አባቷ ይሠራበት በነበረው አውሮፕላን ማረፊያ ትራክተር ነጂ ሆና ተቀጠረች። ሰፈሩ ሁሉ የአባቷን እጅ ወርሳለች አለ፤ ሆርዶፋም ደረቱን ነፋ። ሊሸኛት ሁለት ቀን ሲቀረው እጇን እንድታፍታታ ወደ ጎጆ ይዟት ወጣ። ጉም ነበር። መንገዱ የጠበበበት ቦታ ላይ ከፊት የመጣ አይሱዙ መብራቱን አጠፋ። ፌቨን እጇን አነሳች፣ ፈጠን ብላ አለፈች። ልክ እንዳስተማራት።

ሆርዶፋ ያ የነሐሴ ከሰዓት ትዝ አለው። ዝም ቢል ስሙ ይተርፍለታል፤ ልጁ ግን ይህችን እጅ ይዛ አውሮፕላን ፊት ልትቆም ነው። ዳር ይዛ እንድታቆም ነገራትና ሁሉንም ተናዘዘ። ጡሩምባውን እንኳ አልደበቀም። ፌቨን መሪው ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና እጇን አየችው።

ወሬው ከፌቨን አፍ ወጥቶ በማግሥቱ አምቦን አዳረሰ። ዛሬ ሠልጣኞቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት እጃቸውን አንስተው በአጠገቡ ፈጠን ብለው ያልፋሉ። እሱም ቆሞ ያሳልፋቸዋል።

ሥራ በጀመረች በወሩ ፌቨን ደወለች።

"አባ፣ ዛሬ አንዱ ካፒቴን መብራቱን አጠፋልኝ።"

ሆርዶፋ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ። "እሺ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤ ከዚያስ?"

"ቆምኩ፤ እስኪያልፍ ጠበቅኩ።" አለችው። "እጄ ግን ተነስቶ ነበር።"

"እጁ ግድ የለም" አላት። "እግርሽ ፍሬኑ ላይ ይሁን እንጂ።"