ደበላን ታውቀዋለህ?

በጎረምሳነቴ በድንበር ጠብ ሰው ፈንክቼ ስድስት ወር ታስሬያለሁ። ከዓመታት በኋላ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የዘበኝነት ሥራ ባገኝ፣ ታስሮ የሚያውቅ ሰው አንቀጥርም አሉኝ። ቅጣቴ ከመዝገብ እንዲሰረዝልኝ አሻራዬን አትሜ ለፍርድ ቤት አመለከትኩ። "ቀጠሮውን በመጥሪያ ይሰማሉ" ተባልኩ። ወራት ቢያልፉ ተስፋ ቆረጥኩ።

አንድ ጠዋት ከየካ ሚካኤል በላይ ባህር ዛፍ ስቆርጥ፣ አንድ ፖሊስ ወረቀት ይዞ ዳገቱን ሲወጣ አየሁ። አንዴ የታሰረ ሰው ፖሊስ ሲያይ "ምን አጠፋሁ?" አይልም፤ መሸሻውን ነው የሚፈልገው።

"ደበላ ቱሉን ታውቀዋለህ?" አለኝ እያለከለከ።

ደበላ እኔ ነኝ።

"አውቀው ነበር... ሞተ።"

"መቼ?"

"አምና። እዚሁ ሚካኤል ነው የተቀበረው።"

"ነፍስ ይማር" ብሎ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ ጉቶ ላይ አስደግፎ መሞቱን ጻፈበትና ቀለም አወጣ። "ምስክር ነህ፤ አሻራህን አትም።" ስሜን ሲጠይቀኝ የአጎቴን ስም ሰጠሁት። አሻራው ጥርት ስላላለለት ሁለቴ አስደገመኝ።

ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩና የማመልከቻዬን ነገር ልጠይቅ ፍርድ ቤት ሄድኩ።

"መጥሪያ ልከን አመልካቹ ሞተዋል ተብሎ ተመለሰ" አለኝ ጸሐፊው።

"ኧረ አልሞትኩም ጌታዬ! ደበላ እኔ ነኝ!"

"እሱማ ቀላል ነው" አለና ማመልከቻዬንና በጀርባው የምስክር አሻራ ያለበትን መጥሪያ ጎን ለጎን ዘርግቶ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋው። "አሻራዎን ያትሙና እናስተያየዋለን።"