ከነፍስ አባታቸው ይዤ የመጣሁት ቃል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለልጆቼም፣ ለተናዘዝኩላቸው አባቶችም። ስካሬን እናገራለሁ፣ ክፉ አፌን እናገራለሁ፣ እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። አሁን አርጅቻለሁ። የምታነቡኝ ቀስ ብላችሁ ስሙኝ፤ ትምህርቴ ትንሽ ነው፣ ጽሕፈቴም ቶሎ አይሄድልኝም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ሾላ ገበያ ጀርባ ከእትዬ ዘነበች ጋር ግድግዳ ተጋርተን እንኖር ነበር። እሳቸው ብቻቸውን ናቸው፤ ቦሌ እየወረዱ ለአንዲት ፈረንጅ ልብስ ያጥባሉ። እኔ ሲኤምሲ ቤቶቹ ሲሠሩ ድንጋይ ጠራቢ ነበርኩ። ሁለታችንንም መገጣጠሚያ ያመናል። የእሳቸው ጣት ጠዋት ጠዋት አብጦ አልዘረጋ ይላል፤ የእኔ የእጅ አንጓ ደግሞ ይግልና መሮ መያዝ ያቅተኛል። መሮ የማይዝ ጠራቢ ማን ያቆየዋል?

ፈረንጇ ለእረፍት አገሯ ደርሳ ስትመለስ አንድ ጠርሙስ ኪኒን አመጣችላቸው። የዓሣ ጉበት ዘይት ነው፣ ሕመሙን አይነቅለውም፣ ለመገጣጠሚያ ግን ደግ ነው አለቻቸው። ገና ካለፈ በኋላ መዋጥ ጀመሩ። ጥቂት ሳምንት እንደቆዩ አንድ ጠዋት በራፌ ላይ ቆመው፣ “ተሰማ፣ እየኝማ! መርፌ ላይ ክር አስገባሁ!” አሉኝ። ደስ ብሎኛል አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር? ቀንቼ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። እትዬ ዘነበች በጾም ዓሣ የማይቀምሱ ሴት ናቸውና ጠርሙሱን ከድነው አስቀመጡት። ጉልበታቸው ዳገት አልወጣ ስላላቸው እኔን ወደ ነፍስ አባታቸው ላኩኝ። “አባን ጠይቅልኝ። ዋጪ ካሉኝ እውጣለሁ፣ ተይው ካሉኝም እተወዋለሁ።”

ሄድኩ። አባ ነገሩን ሰምተው ሳቅ አሉ። “መድኃኒት አይደለም እንዴ? ፈትቻታለሁ በላት፤ ትዋጥ።” ይህን በጆሮዬ ሰማሁ። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት።

ዳገቱን ስወርድ አንጓዬ ይጠዘጥዘኝ ነበር። ሰይጣን አሳተኝ ልበል? አልልም። እኔ ነኝ ያሰብኩት፣ እየተራመድኩ፣ ረጋ ብዬ። ቤታቸው ገብቼ፣ “አባ ከልክለዋል እትዬ” አልኳቸው።

 ከዚያ ጠርሙሱን አንስተው ሰጡኝ። “እንካ፣ አንተ ዋጠው። አንተን እንደሆነ ካድሬዎቹ ጾም አስትተውሃል፤ ሆድህ ምን ገዶት! እጅህ እንኳ ይዳን” ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። እንደሚሰጡኝ አውቅ ነበር። የዋሸሁትም ለዚሁ ነው።

ዋጥኩት። ጠቀመኝ? እሱን እንኳ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ሕመሙ ይተወኝ ነበር፤ ድሮም አንዳንድ ቀን ይተወኝ ነበር። በግድግዳው በኩል ግን እትዬ ዘነበች ሲያቃስቱ እሰማለሁ። ልብስ መጭመቅ አቃታቸው። ፈረንጇ ታገሰች፣ ታገሰች፣ ኋላ ሌላ ሴት ቀጠረች። ዘይቱ ቢዋጥ ያድናቸው ነበር አልልም፤ ላያድናቸውም ይችላል። እኔ ግን አባት የፈታውን አሰርኩ። ካህን ሳልሆን አሰርኩ።

በፋሲካ አባ እትዬ ዘነበች ቤት ጠበል ሊረጩ መጡ። እኔም እዚያው ቤት ተጠርቼ ተቀምጫለሁ። አባ ረጭተው ሲጨርሱ፣ “ዘነበች፣ ያ ዘይትሽ እንዴት አደረገሽ? ዋጪው ብዬሽ ነበር እኮ” አሉ።

እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ዞሩ። አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

“አዎ አባ፣ ደህና አድርጎኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ” አሉ፣ ያበጠ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተት አድርገው።

ጾሜን እንዳልሽር ብለው ያን ሁሉ የተሠቃዩ ሴት፣ በትንሣኤ ቀን የነፍስ አባታቸውን ዋሹ። እኔን ላለማዋረድ ዋሹ። ጤናቸውን መቀማቴ አነሰኝና ኃጢአትም ጨመርኩባቸው? አባ ወጥተው ከሄዱም በኋላ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። “ብላ እንጂ ተሰማ” ነው ያሉኝ። ምነው በሰደቡኝ!

ክረምቱ ሳይገባ ወንድማቸው ወደ አገር ቤት ሊወስዳቸው መጣ። ዕቃቸው ተጭኖ ሳለ በራፌ ድረስ መጡ።

“ተሰማ፣ የምትለኝ ነገር ካለ ልስማህ።”

ገብቶኛል። ምን እንደሚጠብቁ በደንብ ገብቶኛል። “መንገዱን ቀና ያድርግልዎ እትዬ” አልኳቸው።

“አሜን” አሉኝና ሄዱ። እዚያው አገር ቤት አረፉ።

አሁን እናንተን ይቅር በሉኝ ማለት ይቀለኛል፤ እናንተን አልበደልኩማ። የበደልኳቸው ሰው በራፌ ድረስ መጥተው፣ ቆመው ጠበቁኝ። እኔ ነኝ ዝም ያልኩት።