የሰባት ሸሚዝ ቀለብ

ገቢውን ለግብር ሰብሳቢ አሳንሶ የማይናገር ነጋዴ መቱ ውስጥ አላውቅም። እኔም ሸሚዝ ሰፊ ነኝና ከሌላው አላንስም። የቀን ገቢ ገማቾቹ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው ሱቄ የመጡ ዕለት፣ ሁለተኛውን የስፌት መኪናዬን ጎረቤት ደብቄ፣ ፊቴን አጨማድጄ «ዝናቡ መቼ ሱቅ አስከፈተን» ስል ነው የዋልኩት። ታዲያ ይኸው ሰውዬ ፍርድ ቤት ቆሜ ገቢዬን ከእጥፍ በላይ ጨምሬ ተናገርኩ ብል ማን ያምነኛል?

ነገሩ የሆነው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። እኔና ሚስቴ ተለያየን፤ ዋናው ምክንያት የእኔ ጉራ ነበር፣ አልደብቅም። የአራት ዓመት ልጃችን ከእናቷ ጋር ቀረች። የቀረው የልጅቷን ቀለብ ማስቆረጥ ነበር።

ዳኛዋ አሠራሩን አስረዱን። ልጅቷ የሚያስፈልጋት ይታያል፣ አባትየው የሚችለው ይታያል፣ ሁለቱ ተመዛዝነው ይወሰናል። አባትየው የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ደመወዙ ተጽፎ ይመጣል፣ ከዚያው ይቆረጣል። እንደ እኔ ያለው ግን ይጠየቃል። ችሎቱ በኦሮምኛ ነውና «ሜቃ?» አሉኝ። በወር ስንት ታገኛለህ ማለታቸው ነው።

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት የሚስቴን ታላቅ ወንድም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት። ቡና ነጋዴ ነው። ስንጋባ «በመርፌ ቤት ሊያስተዳድር ነው?» ብሎ የሳቀብኝ እሱ ነበር። ያ ሳቅ ሰባት ዓመት ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ኩማ ሰዴት» አልኩ። ስምንት ሺህ! ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ያን ጊዜ ስምንት ሺህ ብር የሚያገኝ ሰፊ እንኳን መቱ ጅማም መኖሩን እንጃ። ግን አንዴ ወጥቷል፤ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

ዳኛዋ መጻፍ ሲጀምሩ ሚስቴ እጇን አወጣች። «ክብርት ዳኛ፣ ይዋሻል።»

«የደበቀው ገቢ አለ ነው የምትይው?»

«የለም። ጨምሯል።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። እኔ ተናደድኩ። ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡና «በምን አወቅሽ?» አሏት።

«ቁልፉን የምተክለው እኔ ነበርኩ።»

እውነቷን ነው። መቁረጥና መስፋት የእኔ ሥራ ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ መትከል ግን ነፍሴ አትወደውም፤ ሁሉንም የተከለችው እሷ ናት። «በወር አንድ እሽግ ቁልፍ እገዛ ነበር» አለች። «እሽጉ መቶ አርባ አራት ነው። አንድ ሸሚዝ ሰባት ይወስዳል።»

ዳኛዋ ካልኩሌተር አወጡ። «ሃያ ሸሚዝ። አራት ቁልፍ ይተርፋል።»

«አራቱን ለልጃችን መጫወቻ ይሰጣታል።»

የአንድ ሸሚዝ የእጅ ዋጋ መቶ ሃምሳ ብር ነበር። ሦስት ሺህ! የሰባት ዓመት ጉራዬ በአንድ እሽግ ቁልፍ ተናደ። «ቡና ሲሸጥስ?» ብዬ ጮህኩ። «ኅዳርና ታኅሣሥ ከዳሪሙ ከኖፓ ድረስ ሊያሰፉ ይመጣሉ እኮ!»

«ክረምቱ ይበላዋል» አለች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ። «ሐምሌና ነሐሴ እሽጉ ሳይፈታ ነው የሚከርመው።»

ዳኛዋ ግራ ገባቸው። «ቀለብ ጠያቂዋ አንቺ ነሽ። እሱ ራሱ ስምንት ሺህ ካለ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?»

«ክብርት ዳኛ፣ ይሄ ሰው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ያፍራል፤ ሲያፍር ይደበቃል። ኪራይ ባጠረው ወር አከራያችንን ሽሽት በጓሮ አጥር ሾልኮ ነበር የሚገባው። በስምንት ሺህ ሂሳብ ከተቆረጠበት፣ በሁለተኛው ወር ልጄን መንገድ ላይ ሲያያት ይታጠፋል። እኔ ለልጄ የምፈልገው ብሩን ከነአባቷ ነው።»

አፈርኩ። እዚያ ደግሞ የምሾልክበት አጥር አልነበረም። ወንድሟ እንኳ አልሳቀም፤ አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ነበር።

ሺህ ሃምሳ ብር ተቆረጠብኝ፤ የሰባት ሸሚዝ ዋጋ። ከዚያ ወዲህ ቀለቡን በሸሚዝ ነው የምንቆጥረው። የእጅ ዋጋ ሲጨምር ቀለቡም ይጨምራል፤ ማንም ማንንም ከሶ አያውቅም። ቁልፉን አሁን ራሴ እተክላለሁ፣ ጣቴን እየተወጋሁ።

ዛሬ ብር በስልክ ይላካል፤ የልጄ እናትም «ለምን ትለፋለህ?» ትለኛለች። እኔ ግን በየወሩ መጀመሪያ በዋናው በር እገባና ብሩን ለእናቷ፣ አራት ቁልፍ ለልጄ እሰጣለሁ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በቁልፍ መጫወት ከተወች ቆየች፤ «አባዬ፣ ምን ላድርጋቸው?» እያለች ትስቅብኛለች።

ባለፈው ወር ጉንፋን ጥሎኝ ሁለት ቀን ዘገየሁ። ስደርስ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሰላም እንኳ ሳትለኝ እጇን ዘረጋች።

«ቁልፎቼስ?» አለችኝ።