በጉደር ድልድይ ያልሞቱት ሰዎች

የእህቴ ልጅ ሄለን ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት እንደደረሳት ልትነግረኝ ሆለታ ድረስ መጣች። ምሳ እየበላን፣ «አክስቴ፣ በእናንተ ጊዜ ስለ ሚዲያ በትምህርት ቤት ትማሩ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ተምሬያለሁ፤ ያውም ከደህና መምህር» አልኳት። የቀረውን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ለእሷ ግን ጀመርኩላት።

አምቦ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማርኩት በደርግ ዘመን ነው። በአማርኛ መማሪያችን ውስጥ ስለ ጋዜጣና ሬዲዮ የሚያወሩት ገጾች አራት ቢሆኑ ነው። መምህር ወርቅነህ ግን ከእነዚያ ገጾች የአንድ መንፈቅ ትምህርት አወጡ። የጊንጪ ገበሬ ልጅ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ኮታቸውን በፀሐይም በብርድም የማያወልቁ። ጋዜጣ አምቦ የሚደርሰው ቀናት ቆይቶ ነበር። እሳቸው ግን «የቆየ ዜና ለትምህርት ይሻላል» እያሉ አንዱን ለሁለት ያድሉንና፣ «እዚህ ውስጥ ስንት ሰው ተናገረ? መናገር ሲገባው ያልተጠየቀስ ማነው?» ይሉናል። ጋዜጣው ዋሸ ብለው አያውቁም። ቁጠሩ ብቻ ነበር የሚሉን። እኛም ቆጥረን ስንጨርስ እርስ በርስ እንተያያለን።

መምህሩ ለሰጡን የሬዲዮ ሥራ የተጣመርኩት ከክፍል ጓደኛዬ ከጫልቱ ጋር ነበር። እኔ የአማርኛውን ዜና፣ እሷ የኦሮምኛውን እየጻፍን እናስተያያለን። የምንሰማው እነሱ ቤት ነው። እናቷ አዴ ብርቄ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቅርበውልን ደፉ ላይ ይቀመጡና፣ «እሺ፣ ዓለም እንዴት ዋለች?» ይሉናል። የሰማነውን ስንነግራቸው፣ «ስለ ዝናቡስ ምንም አላሉም?» ብለው ያዝናሉ።

ትምህርት ቤታችን የድምፅ ማጉያ ነበረው። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ተረኛ ተማሪ የከተማውን ወሬ ያነባል። መምህር ወርቅነህ ያልፈረሙበት ወረቀት ግን አይነበብም፤ ሕጉ ይኸው ብቻ ነበር።

ጥቅምት መግቢያ ላይ ያልታሰበ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ። በማግስቱ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ጭቃውን እየዘለልኩ ስሄድ መንገድ ዳር ዳቦ የምትሸጥ ሴትዮ፣ «ሰምተሻል? የባኮው አውቶቡስ ጉደር ድልድይ ላይ ተገልብጦ ሰው አልቋል» አለችኝ። ትምህርት ቤት ስደርስ መምህሩ ገና አልመጡም። ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ፣ ያኔ የተሰማኝ ሐዘን ሳይሆን ደስታ መሆኑ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ዜና በእጄ ገባ። ማይክሮፎኑን ይዤ፣ ድምፄን እንደ ሬዲዮ አንባቢ አወፍሬ፣ «በርካታ መንገደኞች ሕይወታቸው አልፏል» ብዬ አነበብኩ።

ከሰልፉ መሐል ደብተር ሲወድቅ አየሁ። ጫልቱ ነበረች። «አዮ ኮ» አለች በቀስታ፤ እናቴ ማለቷ ነው። አዴ ብርቄ ወንድማቸውን ሊጠይቁ ንጋት ላይ በዚያው አውቶቡስ መሄዳቸውን አላወቅኩም ነበር። ጫልቱ በሩን አልፋ እየሮጠች ወጣች። ሰልፉም ተበተነ።

ርዕሰ መምህሩ ማይክሮፎኑን ከእጄ ነጥቀው፣ «አሉባልታ በማጉያ ትነዣለሽ?» አሉኝ። በዚያን ዘመን አሉባልታ መንዛት የሚያሳስር ክስ ነበር። መምህር ወርቅነህ የደረሱት ይሄኔ ነው።

«ማን አየ?» አሉኝ።

«ዳቦ ሻጯ ነገረችኝ።»

«እሷስ አይታለች?»

«አልጠየቅኳትም።»

ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሩና፣ «ማይክሮፎኑን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ተጠያቂውም እኔ ነኝ። አሁን ግን ሄደን እንይ» አሉ። ከዚያም «ጸዳለ፣ ደብተርሽን ያዢ» አሉኝ።

ወደ ጉደር የሚሄድ የጭነት መኪና ለምነው ጋቢና ገባን። አልተቆጡኝም። ሳለቅስ፣ «አሁን መንገዱን ተመልከቺ» ብቻ አሉኝ። ግራና ቀኙ ጤፉ በዝናብ ተኝቷል።

አውቶቡሱ ድልድዩ ጋ አልደረሰም ነበር። ከመንገድ ተንሸራቶ አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ቀብሯል። ተሳፋሪዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ሰውዬ የተሰበረ እጁን በነጠላ አስሯል። አዴ ብርቄ የተጠበሰ በቆሎ ይዘው እየበሉ ነበር። እኛን ሲያዩ በቆሎው ከእጃቸው ወደቀ።

«መምህር፣ ልጄ ምን ሆነች?»

«ጫልቱ ደህና ናት። እርስዎ ሞተዋል ተብሎ ነው የሚለቀሰው።»

«ማን አለ?»

መምህሩ አልመለሱም። ወደ እኔም አላዩም። ጠበቁኝ።

«እኔ ነኝ፣ አዴ» አልኩ።

አዴ ብርቄ በቆሎውን እዚያው ትተው ተነሡ። ባገኘነው መኪና አምቦ እስክንመለስ ድረስ አጠገቤ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ደጃቸው ላይ ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው ያለቅሳሉ። መጀመሪያ ያየቻቸው ሴት ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ከዚያ ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ። ጫልቱ ከቤት ወጥታ የእናቷን ፊት እንደ ዓይነ ስውር በሁለት እጇ ዳሰሰች።

በማግስቱ በዚያው ማይክሮፎን፣ በስሜ፣ የተሳሳተውን አረምኩ። መምህር ወርቅነህ ለርዕሰ መምህሩ በጻፉት ሪፖርት ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉ። ሁለት ጊዜ ለጥያቄ ተጠርተው ሄዱ፤ የተጠየቁትን ግን አልነገሩንም። ማጉያው መጋዘን ገባ፤ እሳቸውም በሁለተኛው መንፈቅ ወደ ባኮ ተዛወሩ።

ልንሸኛቸው መናኸሪያ ሄድን። ለሳምንታት ያኮረፈችኝ ጫልቱም መጥታ አጠገቤ ቆመች። መምህሩ ሻንጣቸውን ካስጫኑ በኋላ፣ «እጁ የተሰበረው ሰውዬ ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እኔም ያን ቀን አልጠየቅኩም። በኋላ ተመልሼ ሄጄ ጠየቅኩ። ኦቦ ቶላ ይባላሉ» አሉና ተሳፈሩ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ሄለን ምሳዋን ትታ አዳመጠችኝ። «ጥፋትሽን ስለወሰዱልሽ ነው የምትወጃቸው?» አለችኝ በመጨረሻ።

ለብዙ ዓመታት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። እኔም መምህር ሆኜ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ብቻቸውን ጉደር ደርሰው መመለስ ይችሉ ነበር፤ ይቀላቸውም ነበር። እኔም ዕድሜ ልኬን የማስታውሰው ከቅጣት መትረፌን ይሆን ነበር። እሳቸው ግን «ልጄ ምን ሆነች?» ሲባል እዚያ እንድቆም፣ «ማን አለ?» ሲባልም መልሱን በራሴ አፍ እንድናገር ወሰዱኝ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር፣ አንድን ልጅ እንደዚያ ያህል አክብሬው እንደሆነ አላውቅም።